የመሸበት ዋጋ

ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ለአዳር የሚከራይ አንድ ክፍል አስቡ። አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ወረቀት። ያንኑ ክፍል እንዳለ አንስታችሁ ባጃጅ አሥር ደቂቃ ወደሚወስደው ሰፈር ብታስቀምጡት ዋጋው ይወርዳል። ዱራሜ ብትወስዱት ሌላ ዋጋ ነው፤ ሾኔ ሌላ፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ደግሞ ጭራሽ ሌላ። ፍራሹ ያው ፍራሽ፣ ብርድ ልብሱም ያው ብርድ ልብስ ነው። የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው።

እኔ ሆሳዕና ያደግሁ፣ ሥራዬ ከዱራሜ እስከ ወራቤ የሚያመላልሰኝ ሰው ነኝ። «አልጋ አለ?» የምትለውን ጥያቄ ስንት በር ላይ እንደጠየቅኋት አላውቅም። መልሱን እየሰማሁ ስኖር አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። የአንድ ሌሊት ዋጋ ከየት ነው የሚመጣው? ማንስ ነው የሚከፍለው?

ነገሩን ለማየት መጀመሪያ አልጋውን ከሒሳቡ እናውጣው። አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን መኪና ላይ ጭነው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። መኝታቸው፣ ምድጃቸው፣ ሽንት ቤታቸው ሳይቀር አብሯቸው ይጓዛል። እንዲያም ሆኖ ለአዳር ይከፍላሉ። የሚከራዩት መኪናዋ የምትቆምበትን መሬት፣ ውኃና መብራት ነው። ታዋቂ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ ውድ ነው፤ ማንም ወደማይሄድበት ገጠር ወጣ ካሉ ርካሽ ነው። አንዳንዶቹም ከትልልቅ ሱቆች መኪና ማቆሚያ ላይ በነፃ ያድራሉ። የኛም የጭነት መኪና ሹፌር ጋቢና ውስጥ ተጠቅልሎ ሲያድር የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ አልጋው አብሮት አለ፣ የሚያስጨንቀው የት ያቁም የሚለው ነው።

ስለዚህ ዋጋው የአልጋው አይደለም፤ የመሸበት ቦታ ነው። ይህ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በኛ አገር ታሪክ ውስጥ ለመሸበት ቦታ ሁልጊዜ የሚከፍል ሰው ነበር። ከዘመን ዘመን የተለዋወጠው ከፋዩ ነው።

ከተማ ማለት ድንኳን ነበር

«ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው ግስ ነው የመጣው፤ ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። «ሰፈር»ም እንዲሁ ከ«ሰፈረ» ነው። ዛሬ «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ስንባባል ሳናውቀው «ድንኳናችሁ የት ጋ ነው የተተከለው?» እየተባባልን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የቆዩት መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው ያረፉባቸው ቦታዎች ስለነበሩ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በድንኳን አሳልፈዋል። ከተማ ማለት ንጉሡ ያደረበት ማለት ነበር። ይህን ሕይወት በዓይኑ አይቶ ከጻፉት አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። እሱ እዚህ አገር የመጣበት ምክንያት ደግሞ ከሐዲያ ጋር ይያያዛል። ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ እንደነበረች የሚነገርላት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ነች። በ1509 እ.ኤ.አ. ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ላከች። ለዚያ ደብዳቤ መልስ ሆኖ የመጣው ልዑክ በ1520 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ደረሰ፤ አልቫሬዝም ከልዑኩ ጋር ነበር። ስድስት ዓመት ያህል እዚህ ቆየ።

አልቫሬዝ የጻፈው ሰፈር የተዘበራረቀ አይደለም። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይተከላል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በድንኳን አብረው ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ሜዳ ላይ ሲወርድም ሁሉም በዚያው ሥርዓት ቦታውን ይይዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ሰፈር ጥሩ ቦታ በገንዘብ አይገዛም። «እገሌ ከንጉሡ ድንኳን ምን ያህል ርቆ ነው የሚያድረው?» ማለት «እገሌ ምን ያህል ትልቅ ሰው ነው?» ማለት ነበር። የቦታ ዋጋ ማዕረግ ነበር።

ግን ያን ሁሉ ሰው ማን ያበላዋል? የፖርቱጋሉም ልዑክ፣ ከእሱ በኋላ በየዘመኑ የመጡ የውጭ እንግዶችም፣ በንጉሡ ትእዛዝ በየደረሱበት ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። ስሙ ድርጎ ነው። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ለበቅሎዎቹ ገብሱ ከሰማይ አይወርድም። የሚወጣው እንግዳው በመሸበት ቦታ ካለው ገበሬ ጎተራ ነው። እንግዳው አምስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢቆም ያኛው መንደር ይከፍላል፤ ትንሽ ቢገፋ ደግሞ ይኼኛው። የቦታ ዋጋ የመጀመሪያው ከፋይ መንገድ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነበር ማለት ነው።

መስተንግዶ ግብር ነበር

ዛሬ ኮሌጆቻችን «ሆቴልና መስተንግዶ» የሚል ሥልጠና ይሰጣሉ። መስተንግዶ ሲባል ፈገግ ያለ አስተናጋጅ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የታጠፈ ናፕኪን ነው ትዝ የሚለን። በድሮ የግብር ዝርዝር ውስጥ ግን መስተንግዶ ግዴታ ነበር። ሹም ሲያልፍ፣ መልእክተኛ ሲመጣ፣ ገበሬው ያስተናግዳል፤ ወዶ ሳይሆን ስላለበት። ከዚያ የከፋው ተሰሪ ነው፤ ወታደር በገበሬው ቤት ተመድቦ ገብቶ የሚበላበት፣ የሚያድርበት ሥርዓት። እንግዳው መቼ እንደሚወጣ ባለቤቱ አያውቅም። ምን ያህል እንደሚበላም አይወስንም።

ዐፄ ምኒልክ በ1892 እ.ኤ.አ. አሥራትን ሲደነግጉ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ ይስጥ፣ ወታደሩ ከዚያ ይቀለብ፣ በየቤቱ መግባት ይቅር ተባለ። በሌላ አነጋገር፣ የመሸበት ቦታ ገበሬ ብቻውን የሚሸከመው ዕዳ ለሁሉም እንዲከፋፈል ታሰበ። ሐሳቡ ይህ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነው።

በነዚያው ዓመታት ሐዲያና ከምባታ በጦርነት ወደ ምኒልክ ግዛት ገቡ። ሆሳዕና የሚለው ስም ከበዓሉ ነው የመጣው፤ ቦታው ከዚያ በፊት ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ዛሬም በዚህ ስም ይጠራል። ከተማው ቃሉ እንደሚለው ከተማ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ሹምና ወታደር የከተመበት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ቦታ ነው። ወታደሩ እዚያ ሲያድር በዙሪያው ያለው ገባር እህሉን፣ እንጨቱን፣ ጉልበቱን ያመጣ ነበር። ለከተማው የቀረበ ገባር ሸክሙም የቀረበ ነበር። ዛሬ «ለከተማ ቅርብ የሆነ መሬት» ስንል ውድ ማለታችን ነው። ያኔ ቅርበት ለባለቤቱ ዕዳ ነበር።

የእግዜር እንግዳ

ይህ የሹማምንቱ ጉዞ ነው። ተራው ሰው ግን እንዴት ነበር የሚያድረው? ሲራራ ነጋዴው፣ ዘመድ ጠያቂው፣ ወደ ገበያ የሚሄደው?

ሲራራ ነጋዴ እንደ ዛሬዎቹ የመኪና ቤት ተጓዦች ነው፤ ጓዙን ጭኖ ይሄዳል፣ ሣርና ውኃ ያለበት ሜዳ ላይ ይሰፍራል። የሚፈልገው እንደ እነሱው ቦታ ነው፤ ለከብቶቹ ግጦሽ፣ ለራሱ ከሽፍታ መጠበቂያ። ስለዚህ ብዙ ሆኖ ይጓዛል፣ ብዙ ሆኖ ያድራል። ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ አንድ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ሥራ ትሠራለች። «መሸብኝ» ማለት ቦታውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ፀሐይ ናት ማለት ነው። «የእግዜር» ማለት ደግሞ ሒሳቡን ከእኔ አትጠይቁ፣ ከላይ ይከፈላችኋል ማለት ነው። ባለቤቱም እምቢ ለማለት ይከብደዋል፤ ነገ እሱም ሌላ ቦታ ይመሽበታልና። በእንሰት አገር ቆጮ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ እንግዳው የመንገዱን ወሬ ያወራል።

ይህን ስጽፍ ድሮን ለማሞገስ አይደለም። የእግዜር እንግድነት የሚሠራው መንገደኛ ጥቂት ሲሆንና ሁሉም ሰው በየተራው እንግዳም አስተናጋጅም ሲሆን ነው። መንገድ ሲሠራ፣ መንገደኛው ሲበዛ፣ መንገድ ዳር ያለው ቤት ሁልጊዜ አሳዳሪ፣ አላፊው ሁልጊዜ አዳሪ ይሆናል። ያኔ ሚዛኑ ይዛባል። አልጋ መሸጥ የሚጀመረውም እዚህ ጋ ነው።

በ1920 ዓ.ም. አካባቢ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ከምባታ፣ ወላይታና ሲዳማ ሲወርዱ የተጓዙት በበቅሎ፣ ድንኳን ጭነው ነበር። ለባለ ገንዘብም ቢሆን የሚከራይ አልጋ በመንገዱ አልነበረማ! ከዚያ ሥራ የተወለዱት አብያተ ክርስቲያናት ግን የእግዜር እንግድነትን በሌላ መልክ አቆይተውታል። እኔ ልጅ ሆኜ ትልቅ ጉባኤ ሲኖር እንግዶች በየምእመናኑ ቤት ይመደቡ ነበር። የማናውቀው ሰው እኛ ቤት ያድራል፣ እኔ ወለል ላይ እተኛለሁ። የከተማው አልጋ ሁሉ ቢያዝ፣ ዋጋው ቢሰቀል፣ የጉባኤውን እንግዳ አይነካውም። ዝምድናና እምነት እስከ ዛሬ ድረስ ከቦታ ዋጋ ማምለጫ ናቸው።

አልቤርጎ

በገንዘብ የሚከራይ አልጋ ሲመጣ ስሙንም ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ያቋቋሙት ሆቴል በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ ይጠቀሳል። ለተራው መንገደኛ ግን የቀረበው ቃል «አልቤርጎ» ነው። ጣልያንኛ ነው፤ እዚያ ሆቴል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ማዕረጉን አጥቶ፣ ግቢ ውስጥ በመደዳ የተሠሩ፣ በር በበር የሆኑ ትንንሽ የአዳር ክፍሎች ማለት ሆነ። «ፔንሲዮን»ም ከዚያው ሰፈር የመጣ ነው። «ቡና ቤት» ደግሞ የራሳችን ነው፤ ፊት ለፊት መጠጥ፣ ከጀርባ አልጋ።

በዚያን ዘመን አልጋው የት እንደሚሆን የሚወስነው መኪናው በአንድ ቀን የሚሄደው ርቀት ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው። ክረምት ላይ መኪናው ይቀረቀራል፣ ወንዝ ይሞላል። ጠዋት የወጣ ሰው የት እንደሚመሽበት እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ በየመንገዱ ዳር፣ ሰው ሊቀር በሚችልበት ሁሉ፣ አልቤርጎ ነበር። እዚህ ጋ ያለው ነገር ትንሽ ያስቃል፤ ለአልቤርጎ ባለቤት መጥፎ መንገድ ጥሩ ገበያ ነው።

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው መንገድ የተጀመረው ከመንግሥት ብቻ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአካባቢው ተወላጆች፣ በተለይ አዲስ አበባ ይነግዱ የነበሩት ጉራጌዎች፣ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ እያዋጡ መንገድ ያሠሩ ነበር። ለምን? አንድ ነጋዴ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲሄድ በመንገድ የሚያልቅበት ቀንና ሌሊት ኪሳራ ስለሆነ ነው። መንገድ ማሠራት አዳርን መቀነስ ነው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ሌሊቱን ገዛው ብንል ይሻላል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። መሬት ሸጦ ለውጦ ዋጋ የሚያወጣበት ገበያ ተዘጋ። ሰው ደግሞ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ እንደልቡ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። እንግዳ ማሳደር የሚመዘገብ ጉዳይ ሆነ። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ለማለት እንኳ መጀመሪያ ወረቀት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

አስፋልቱ ሌሊቱን ወሰደው

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. መንገዱ ደረጃ በደረጃ አስፋልት ሆነ። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት የተነሣ ሰው ምሳውን ሆሳዕና ይበላል፤ ከቸኮለ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ አዲስ አበባ ይገባል። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ድሮ ማደር ግዴታ ነበር፤ አሁን ምርጫ ሆነ። ቢያንስ ለአንዳንዱ ሰው።

ምርጫ ሲሆን ዋጋው እንዴት ይወሰናል? እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ባለቤት አሥር ክፍል አላት እንበል። ሠራተኛ፣ አንሶላ ማጠቢያ፣ ውኃ፣ መብራት፣ የመሬት ክፍያ ተደምሮ በቀን 2,000 ብር ያስወጣታል እንበል። አሥሩም ክፍል ከተያዘ እያንዳንዱ 200 ብር ቢከፍል ወጪዋን ትሸፍናለች። አራቱ ብቻ ከተያዙ ግን እያንዳንዱ 500 ብር መክፈል አለበት። ሲራቆት ያደረ ክፍል ደግሞ ነገ አይሸጥም፤ የዛሬ ሌሊት አለቀች፣ አለቀች። ስለዚህ እንግዳ በማይበዛበት ከተማ ባለቤቷ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያላት፤ ወይ ዋጋ ትቆልላለች፣ ወይ ከወጪዋ ትቀንሳለች። አንሶላው በየስንት ቀኑ እንደሚታጠብ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው «ትንሽ ከተማ ርካሽ ነው» የሚለው ሁልጊዜ የማይሠራው። ዶዮገና ወይም አንጋጫ ላይ የሚመሽበት ሰው የሚከፍለው ብር ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚያገኘው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፣ ምርጫም የለውም። ሆሳዕና ላይ አንዱ ጋ ባይስማማው ሌላው ጋ ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ የነበራት ከተማ ከዚያ ወዲህ ብዙ አድጋለች። ብዙ ልጆቿ ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ እነሱ ከሚልኩት ገንዘብ የተወሰነው ፎቅ ሆኖ ቆሟል፣ ከፎቁ ደግሞ የተወሰነው ሆቴል ነው። ጆሃንስበርግ ላይ ሱቅ ውስጥ የሚያድር ልጅ ሆሳዕና ላይ የሌሎችን ማደሪያ ይሠራል። አልጋ ሲበዛ ዋጋ ይረግባል፤ እኛ ርካሽ ያልነውን አዳር ሌላ ቦታ የከፈለበት ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ ከተማ ውስጥም ቢሆን ዋጋው እንደየሰፈሩ ነው። የሩቅ አገር አውቶቡስ የሚነሣው ሳይነጋ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት ያለበት ሰው በዚያ ሰዓት ባጃጅ አያገኝም፣ ሻንጣ ይዞ በጨለማ መሄድም ያስፈራዋል። ስለዚህ መናኸሪያ በር ላይ ላለው አልጋ ጨምሮ ይከፍላል። ለጩኸቱ፣ ለጡሩምባው፣ ለ«አዲሳባ! አዲሳባ!» ነው ወይ የሚከፍለው? አይደለም፤ ለአንድ ሰዓት እንቅልፍና ለደኅንነቱ ነው። መኪና ያለው ሰው በተቃራኒው ጸጥ ወዳለው ሰፈር፣ ሰፊ ግቢና ዘበኛ ወዳለበት ይሄዳል። ሾኔና ሀላባ ቁሊቶ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚሄደው መንገድ ላይ ናቸው፤ እዚያ የሚያድር የጭነት ሹፌር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አልጋው ሳይሆን ስለ መኪና ማቆሚያው ነው። «ግቢው ያስገባል?» ይላል። አልጋዋ አብራ ትመጣለች።

በዓልስ? ብዙ ሰው በመስቀል ሰሞን፣ በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ጊዜ፣ አልጋ ይወደዳል ብሎ ያስባል። እኔ የማየው ከዚህ በፊት የሚወደደው የመኪና ወንበር መሆኑን ነው። ሰው በዚያ ሰሞን የሚሄደው ወደ እናቱ ቤት ነው። ቤት ያለው ሰው ቦታ አይገዛም።

ድርጎ ስሙን ቀየረ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሆሳዕናና ዱራሜ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆቴል የሚሞላው ማን ነው? ቱሪስት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአምበሪቾ ተራራ አናቱ ድረስ ደረጃ ተሠርቶለት ጎብኚ መሳብ ጀምሯል፤ ግን የሆቴሉን አዳራሽ የሚሞላው የሥልጠና፣ የግምገማ፣ የወርክሾፕ ሰው ነው። ይህ ሰው ከኪሱ አይከፍልም። ውሎ አበል አለው።

ውሎ አበል እንደ ደመወዙና እንደሚሄድበት ቦታ በመመሪያ የሚወሰን ነው። መንግሥት ራሱ «እዚህ ከተማ ማደር ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ ዋጋ ያወጣለታል። የሆቴሉም ባለቤት ያንን ቁጥር ያውቃል፤ ከእሱ በታች ለመውረድ ምክንያት የለውም። ለኔ ይህ ድርጎ ነው፤ ስሙን ቀይሮ በደረሰኝ መጣ። የመንግሥት እንግዳ በመሸበት ይቀለባል። ልዩነቱ ድሮ ወጪው የሚያርፈው በዚያ መንደር ገበሬ ላይ ነበር፤ ዛሬ በግብር ከፋዩ ሁሉ ላይ ተበትኗል። ምኒልክ በአሥራት ያሰቡት ነገር በአበል ተፈጸመ ብል ብዙ አልሳሳትም።

ለዚህም ነው የአስተዳደር ካርታ ሲቀየር የአልጋ ዋጋ የሚንቀሳቀሰው። ሆሳዕና የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ የከምባታ ባለጉዳይ ሆሳዕና መጥቶ ያድር ነበር። በኋላ ከምባታ የራሱ ዞን ሲሆን ዱራሜ መቀመጫ ሆነች፤ ባለጉዳዩም አዳሩም አብሮ ሄደ። የደቡብ ክልል ዘመን ሁላችንም ወደ ሐዋሳ ነበር የምንሄደው፤ የሐይቁን ዳር ዋጋ ለአንድ ፊርማ ስንከፍል ኖረናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎቹ ደግሞ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ ወልቂጤ፣ ዱራሜና ሀላባ ቁሊቶን ጨምሮ በየከተማው ተከፋፈሉ። ፍትሐዊ ነው፤ ለየከተማው ገቢ ያመጣል። ግን አንድ ጉዳይ ሁለት ቢሮ የሚነካ ከሆነ ባለጉዳዩ ሁለት ከተማ ላይ ሊመሽበት ነው።

ምርጫ የሌለው ይከፍላል

እስካሁን የቆጠርኩት ሁሉ ሲደመር እንዲህ ይመስላል። ዘመድ ያለው በዘመዱ ያድራል። ጉባኤ የመጣው በምእመኑ ቤት። የመንግሥት ሠራተኛው በአበሉ። መኪና ያለው አያድርም፣ ይመለሳል። ታዲያ የቦታን ሙሉ ዋጋ ከገዛ ኪሱ የሚከፍለው ማን ነው? መቅረት የማይችለው፣ ሄዶ መመለስም የማይችለው፣ ዘመድም አበልም የሌለው ሰው ነው።

አንዱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ ነው። ሌላዋ ለሥራ ፈተና የመጣች ተመራቂ ናት። ከሁሉ በላይ ግን አስታማሚ ነው። ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ከሐዲያ ውጭ ካሉ ዞኖችም ሕመምተኛ ይመጣለታል። ሕመምተኛው አልጋ ሲያገኝ አስታማሚው አልጋ ፈላጊ ይሆናል። ስንት ሌሊት እንደሆነ አያውቅም። ርቆ ወደ ርካሹ ሰፈር መሄድ አይችልም፤ ሌሊት መድኃኒት አምጣ ይባላል። ስለዚህ ለእሱ ዋጋው ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ከሕመምተኛው አልጋ ምን ያህል ደቂቃ ይርቃል የሚለው ነው። እኔም አንድ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ አስታምሜ አውቃለሁ። ሌሊቱን ጋቢ ለብሰው በየኮሪደሩና በየአጥሩ ሥር ከሚያድሩት ጋር ነው ያሳለፍኩት። አጠገቤ የነበሩ እናት «ልጄ፣ የአልጋውን ብር ለመድኃኒቱ አደረግሁት» አሉኝ። የሌሊት ዋጋ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በዚያ ብር ሌላ ምን ሊገዛ እንደሚችል ማወቅ ነው።

በብዙ አገሮች በሆስፒታል አጠገብ የአስታማሚ ማረፊያ ይሠራል፤ በበጎ አድራጎት ወይም በትንሽ ክፍያ። እኛ ዘንድ ይህን ለማድረግ የሚጎድለን ሐሳቡ አይደለም። «የመሸበት» የሚለውን ቃል ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ዕድር አለን፣ ጉባኤን በየቤቱ የሚያሳድሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉን፣ መንገድ በማኅበር ያሠሩ ጎረቤቶች አሉን፣ ሆቴል በውጭ ገንዘብ የሚያቆሙ ልጆች አሉን። ከሆቴሎቹ አንዱ ፎቅ በሠራበት ገንዘብ ከሆስፒታሉ በር ማዶ አርባ አልጋ ያለው ንጹሕ ማረፊያ ማቆም ይቻላል። ከተማው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬትን እንደየቦታው ደረጃ በሊዝ ሲመድብ ለሆቴል ቦታ ያዘጋጃል፤ ለዚህም ማዘጋጀት ይችላል።

ገበሬው ተሰሪ ሲሸከም የነበረው ቤቱ መንገድ ዳር ስለሆነ ብቻ ነበር። ያ ተገቢ አለመሆኑን ቢያንስ በአዋጅ ካመንን ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን። ዛሬ ደግሞ አስታማሚው ልጁ የታመመበት ቦታ ከቤቱ ስለራቀ ብቻ ይከፍላል። ያኔ ሸክሙ የተነሣው ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እንዲያዋጣ በማሰብ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የሚያድረው ሁሉ፣ አበል የሚበላውም እኔም፣ በየደረሰኛችን ላይ ለአስታማሚ ማረፊያ ጥቂት ብር ብንጨምር ከአንሶላ ማጠቢያ አይበልጥብንም።